ድንኳን የማይተከልበት የሐይቅ ዳር

እ.ኤ.አ. በ1915 የአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ለመኪና ሲከፈት፣ ቤተሰቦች ድስትና ብርድ ልብሳቸውን ጭነው ወደ ጫካውና ወደ ሐይቁ ዳር ይጎርፉ ጀመር። በየፓርኩ እንዲህ ነበር፤ ሁሉም ደስ ባለው ዛፍ ሥር ያቆማል።

ይህ በዛፎቹ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጥብቆ ያስተዋለው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪው ኤሚሊዮ ማይኔኬ ነው። ጎማና እግር አፈሩን ሲደቁሱት ሥሩ ይታፈናል፣ ዛፉም ቀስ በቀስ ይሞታል። በ1932 ባሳተመው ጽሑፍ ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የተለየ ማቆሚያ፣ መኪናን የሚያግዱ ድንጋዮችና ግንዶች እንዲኖሩ መከረ። ዛሬ በአሜሪካ ፓርኮች ሰዎች ለመዝናናት የሚሰፍሩባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ የእሱን ንድፍ ይከተላሉ፤ ስሙ ግን እምብዛም አይነሳም፣ ይህም ያሳዝናል።

ድብን ግን ንድፍ አላገደውም። በየሎውስቶን፣ ወንዙ ከሐይቁ በሚወጣበት ፊሺንግ ብሪጅ በተባለው ድልድይ አጠገብ፣ ትራውት ዓሣ እንቁላሉን ይጥላል፤ ግሪዝሊ ድብም በአካባቢው ይመላለሳል። ከድልድዩ ላይ ማጥመድ በ1973 ተከለከለ። በድቡም ምክንያት በዚያ ያለው የመስፈሪያ ቦታ የሚቀበለው ጠንካራ ግድግዳ ያላቸውን፣ አልጋና ማድቤት የተገጠመላቸውን መኪኖችና ተጎታቾች ብቻ ነው። ድንኳን የያዘ ቤተሰብ በዚያው ሐይቅ ዳር ወደ ብሪጅ ቤይ ወይም ወደ ግራንት ቪሌጅ ይሄዳል።