ጎርፍ ሲመጣ ጠመንጃ መወልወል

እስቲ በቀልድ እንጀምር። በሴፕቴምበር 2017 ኢርማ የተባለው ሀሪኬን ወደ ፍሎሪዳ ሲገሰግስ፣ አንድ የዚያው አገር ወጣት ፌስቡክ ላይ ግብዣ ለጠፈ፤ ኑና አውሎ ነፋሱን በጥይት እንቀበለው የሚል። ልጁ መቀለዱ ነበር። ከ40 ሺህ በላይ ሰው ግን «እመጣለሁ» ወይም «ደስ ይለኛል» አለ። ነገሩ ያሳሰበው የፓስኮ አውራጃ ሸሪፍ ጽሕፈት ቤት በትዊተር ማስጠንቀቂያ ለማውጣት ተገደደ። እባካችሁ ኢርማ ላይ አትተኩሱ፣ ብትተኩሱም አትመልሷትም፣ ጣጣው ግን ለእናንተው ይተርፋል ብሎ መከረ።

(እዚህ ጽሑፍ ላይ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። የእኛን ስንጠቀም እንናገራለን።)

እኛም ያኔ ስቀን አልፈን ነበር። በኋላ ስናስበው ግን ነገሩ ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልሆነልንም። አሜሪካ ውስጥ ሀሪኬን በመጣ ቁጥር «ከቤቴ አልወጣም» የሚል ሰው አለ። ውሃ በጀሪካን ይሞላል፣ የታሸገ ምግብ ይገዛል፣ መስኮቱን በኮምፔንሳቶ ይመታል፣ ጄነሬተሩን ይፈትሻል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጠመንጃውን ይወለውላል፣ ጥይቱን ይቆጥራል። መስኮቱ ላይ በመታው እንጨት ላይም በቀለም «ብትዘርፍ እንተኩሳለን» ብሎ ይጽፋል። ነፋስ በጥይት አይመታ፣ ውሃ በጥይት አይመለስ! ታዲያ ጠመንጃው ለማን ነው?

መልሱ ቀላል ነው፤ ለሰው ነው። ሀሪኬን እንደ መሬት መንቀጥቀጥ ድንገት አይመጣም። ስም ወጥቶለት፣ በሳተላይት እየታየ፣ ከቀናት በፊት «መጣሁ» እያለ ነው የሚመጣው። እነዚያ ቀናት ደግሞ የሚሞሉት በዝግጅት ብቻ ሳይሆን በፍርሃትም ነው። ሰው የሚዘጋጀውም ለፈራው ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናወጋው ስለ አንድ ከተማና ስለ ሦስት ጎርፎች ነው። ከተማዋ ኒው ኦርሊንስ ናት።

1927፤ ግድብ የሚጠብቅ ጠመንጃ

በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ በአሜሪካ ታሪክ ከታዩት የወንዝ ጎርፎች ሁሉ አጥፊውን አመጣ። በወንዙ ግራና ቀኝ የጎርፍ መከላከያ ግድብ አለ። የወንዝ ዳር ሰው ደግሞ አንድ ክፉ ሂሳብ ያውቃል፤ የማዶው ግድብ ከፈረሰ የእኔ ይተርፋል። ስለዚህ ባለጠመንጃዎች ሌሊት ሌሊት ግድብ ላይ ያድሩ ነበር። የሚጠብቁት ከውሃው ሳይሆን ዲናሚት ይዞ ሊመጣ ከሚችል ሰው ነው።

ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። በኤፕሪል 29 ቀን 1927 የኒው ኦርሊንስ ባንከኞችና ሹማምንት አገረ ገዢውን አሳምነው፣ ከተማዋን ለማዳን ከታች ካርናርቮን ላይ ያለውን ግድብ በዲናሚት አፈረሱት። የሴንት በርናርድና የፕላክሚንስ አውራጃዎች ዓሣ አጥማጆችና አዳኞች ቤታቸው በውሃ ተበላ። ካሳ ይከፈላችኋል ተባሉ፤ ብዙዎቹ የረባ ነገር አላገኙም። የሚያስቆጨው ደግሞ ወንዙ ከላይ በኩል ሌሎች ግድቦችን ሰብሮ ስለነበር ፍንዳታው ጭራሽ ሳያስፈልግ መቅረቱ ነው።

በዚያው ጎርፍ ሚሲሲፒ ውስጥ ግሪንቪል በምትባል ከተማ ከ10 ሺህ በላይ ጥቁሮች ግድብ ላይ ተጠልለው ነበር። የእርሻ ባለቤቶች «ሠራተኞቻችን በዚያው ይቀሩብናል» ብለው ስለሰጉ በጀልባ እንዲወጡ አልተፈቀደላቸውም። ብሔራዊ ዘቡ ጠመንጃ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር፤ እንዳይሰምጡ ሳይሆን እንዳይሄዱ።

1965፤ መጥረቢያ

በሴፕቴምበር 1965 ደግሞ ቤትሲ የተባለችው ሀሪኬን መጣች። የታችኛው ዘጠነኛ ቀበሌ (ሎወር ናይንዝ ዋርድ፣ በብዛት ጥቁሮች የሚኖሩበት የደሃ ሰፈር) በሌሊት በውሃ ተዋጠ። ሰዎች ውሃውን ሽሽት ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው ስር ወዳለችው ጠባብ ክፍል ወጡ። ውሃው ተከተላቸው። ከላይ ጣሪያ፣ ከታች ውሃ። መውጫ አጥተው እዚያው ያለቁ ነበሩ።

ያን ጊዜ ነው ኒው ኦርሊንስ አንድ ትምህርት የተማረችው። ከቤትሲ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ከኮርኒሱ በላይ መጥረቢያ ማስቀመጥ ጀመረ። ጣሪያውን ከውስጥ ፈልጦ ለመውጣት! ይህን የነገራቸው መንግሥት አይደለም፤ ካዩት ሞት የተማሩት ነው።

በዚያው ሰፈር ሌላም ነገር ቀረ። «ግድቡን ሆን ብለው አፈነዱብን» የሚል ወሬ። ለ1965ቱ ማስረጃ አልተገኘም። ግን በ1927 በእርግጥ የተደረገ ነገር ስለሆነ ሰው ቢያምነው ምን ይገርማል?

2005፤ ሁለቱም ፍርሃቶች በአንድ ሳምንት

ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 29 ቀን 2005) ካትሪና ገባች። እኛ አገር ያኔ ወሬው ሁሉ ምርጫ 97 ነበር። ቢሆንም ጣሪያ ላይ ቆመው ጨርቅ የሚያውለበልቡትን ሰዎች በቴሌቪዥን ሳናይ አላለፍንም። «አሜሪካ እንዲህ ትሆናለች?» ያላለ አልነበረም።

ከንቲባው ሬይ ናጊን የግዴታ «ልቀቁ» ትእዛዝ ያወጡት እሑድ ጠዋት ነው። ሀሪኬኗ ሰኞ ጠዋት ደረሰች። ብዙ ሰው ወጣ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ደግሞ ቀረ። ከከተማዋ ቤተሰቦች ከአራቱ አንዱ ገደማ መኪና አልነበረውም። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ስለነበር፣ በወር መጀመሪያ በሚመጣ ቼክ የሚኖር ሰው ኪሱ ባዶ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ቤቱን ለመጠበቅ ብሎ፣ ጠመንጃውን አዘጋጅቶ፣ ወዶና ፈቅዶ ቀረ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ይህ ባለጠመንጃ ሞኝ አልነበረም። «ችግር ሲመጣ ፖሊስ አይደርስልኝም» ብሎ ነው ያሰበው፤ አልደረሰለትምም። ግድቦቹ ተሰበሩ፣ ከከተማዋ 80 በመቶው ውሃ ውስጥ ገባ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ከ200 በላይ ፖሊሶች ሥራቸውን ጥለው ሄደዋል ተብለው ተጠረጠሩ። ዝርፊያም ነበር። ዳቦና ውሃ የወሰደ ነበር፣ ቴሌቪዥን የወሰደም ነበር።

ግን ወሬ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሱፐርዶም በተባለው ስታዲየም ውስጥ ሕፃናት ተደፈሩ፣ ሬሳ ተከመረ፣ ሄሊኮፕተር ላይ ተተኮሰ ተባለ። የፖሊስ አዛዡ ኤዲ ኮምፓስ ራሳቸው በኦፕራ ዊንፍሪ ፕሮግራም ቀርበው ወሬውን አጸኑት። በኋላ ሲቆጠር ሱፐርዶም ውስጥ የተገኘው ስድስት ሬሳ ነበር። አራቱ በተፈጥሮ ምክንያት፣ አንዱ በአደንዛዥ ዕፅ፣ አንዱ ራሱን በማጥፋት የሞቱ ናቸው። ተገደለ የተባለ አንድም አልነበረም። አዛዡ በሴፕቴምበር መጨረሻ ሥራቸውን ለቀቁ።

ወሬ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ኦገስት 31 ማታ፣ ሰው ገና ጣሪያ ላይ ሳለ፣ ከንቲባው 1,500 ያህል ፖሊሶች ሰው ማዳኑን ትተው ዘራፊ እንዲያስቆሙ አዘዙ። አንድ ጊዜ እንድገመው፤ ሰው ከውሃ የሚያወጣው እጅ ሌባ ወደ መያዝ ዞረ። እኛ የዚያን ሳምንት ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩን ብንባል ይህችኑ ነው የምንናገረው።

አልጀርስ ፖይንት

ከወንዙ ማዶ አልጀርስ ፖይንት የሚባል ሰፈር አለ (የአልጄሪያዋ አይደለችም)። ጎርፉ እዚያ አልደረሰም። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ነጮች ናቸው። በዚያ የቀሩት ባለጠመንጃዎች በወደቀ ዛፍና በእንጨት መንገድ ዘጉ፣ ተራ ገብተው ጠበቁ። ዘራፊ ይመጣል ብለው።

የመጣው ማን ነበር? የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ሰው የሚያሻግሩበት የጀልባ ማቋረጫ እዚያው ሰፈር አጠገብ ነበር። ሴፕቴምበር 1 ቀን ሦስት ጥቁር ወጣቶች ወደዚያው ሲሄዱ በሾትገን ተመቱ። በዕድል አልሞቱም። ነገሩ በደንብ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2008 «ዘ ኔሽን» መጽሔት ላይ በታተመ የምርመራ ዘገባ ነው። ተኳሹ ጥፋቱን ያመነው በ2018፣ የ10 ዓመት እስራት የተፈረደበት በ2019 ነው።

«የፈሩት ይደርሳል» ይላል ያገራችን ሰው። አልጀርስ ፖይንት ላይ ግን የፈሩት አልደረሰም። የደረሰው ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ሰው ነበር። ጠመንጃው ግን ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ለተዘጋጀ ጠመንጃ ደግሞ መንገደኛ ሁሉ ዘራፊ ይመስለዋል።

ከዚያስ መንግሥት መጣ

ለአንድ ሳምንት የጠፋው መንግሥት ሴፕቴምበር 8 አካባቢ ሲመለስ ምን ይዞ መጣ? ከፖሊስና ከወታደር በቀር መሣሪያ የሚይዝ አይኖርም የሚል ትእዛዝ! ቤት ለቤት እየዞሩ ሕጋዊ መሣሪያ ሳይቀር ገፈፉ። አንዲት አሮጊት በገዛ ቤታቸው ሽጉጥ ይዘው ሲገኙ ፖሊሶች ተንደርድረው መሬት ላይ ሲጥሏቸው በቪዲዮ ታይቷል። እዚህ ላይ ከባለመሣሪያዎቹ ጋር ነን። ስትጠራው ያልመጣ ፖሊስ፣ ውሃው ሲጎድል መጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ንብረትህን ሊወስድ አይገባም።

የብሔራዊ ጠመንጃ ማኅበሩ (ኤንአርኤ) እና አንድ ሌላ ድርጅት በዚያው ወር ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም ገፈፋውን አገደ። ከተማው «እኛ ዘንድ ምንም መሣሪያ የለም» ብሎ ካደ። በመጋቢት 2006 ግን ከ1,000 በላይ መሣሪያዎች መጋዘን ውስጥ ተገኙ። በኦክቶበር 2006 በአደጋ ጊዜ ሕጋዊ መሣሪያ መግፈፍን የሚከለክል ሕግ በፌዴራል ደረጃ ጸደቀ። በሴኔቱ 84 ለ16 ነበር ያለፈው። ፍሎሪዳም በ2015 የግዴታ «ልቀቁ» ሲባል ፈቃድ የሌለው ሰው ለ48 ሰዓት ሽጉጡን ደብቆ ይዞ መውጣት እንዲችል ፈቀደች (በ2023 ፈቃዱን ራሱን አስቀረችው)።

ካትሪና ገብታ ሕጉ እስኪወጣ 13 ወር ብቻ ነው የፈጀው። አሁን ሌላ ቁጥር አብራችሁ ያዙ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2005 ዳንዚገር ድልድይ ላይ ፖሊሶች መሣሪያ ባልያዙ ሰዎች ላይ ተኩሰው ሁለቱን ገደሉ፣ አራቱን አቆሰሉ። ከዚያም በሐሰት ሪፖርት ሸፋፈኑት። በ2011 ተፈረደባቸው፣ በ2013 ፍርዱ ተሻረ፣ በመጨረሻ በ2016 ጥፋታቸውን አምነው ተቀጡ። የተወሰደ ጠመንጃ 13 ወር፣ የጠፋ ነፍስ 11 ዓመት!

እና መጥረቢያውስ?

ሉዊዚያና ውስጥ በካትሪና የሞቱት ሰዎች ሲጠኑ፣ ግማሽ ያህሉ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው አዛውንት ነበሩ። ከሁሉ የበዛው የሞት ምክንያትም መስጠም ነበር። ዘራፊ ሳይሆን ውሃ ነው የገደላቸው። እነዚህ ሰዎች ያስፈልጋቸው የነበረው መኪና ያለው ጎረቤት፣ ጀልባ ያለው መንገደኛ፣ ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ መጥረቢያ ነው። ከላፋዬት አካባቢ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባቸውን በመኪና ጎትተው የመጡ ተራ ሰዎች ብዙ ነፍስ አወጡ። የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ብቻ ከ33 ሺህ በላይ ሰው አውጥተዋል። ከቤትሲ የተማሩትም ጣሪያቸውን ፈልጠው ወጡ።

ጠመንጃ ያለው ሰው ሁሉ ክፉ ነው እያልን አይደለም። ብቻውን የቀረ ሰው ይፈራል፤ እኛም ብንሆን እንፈራ ነበር። የምንለው አንድ ነገር ነው። ሰው ሁለት ቀን ሲኖረው የመጀመሪያውን ሰዓት ለምን እንደሚያውለው ይታያል። ጥይት ከመቁጠር በፊት፣ ማዶ ቤት ያሉት መኪና የሌላቸው ሽማግሌ ወጥተዋል ወይ ብሎ በራቸውን ማንኳኳት ይቻል ነበር።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ ከተማ ሀሪኬን አይመጣም፤ ሌላ ነገር ግን ይመጣል። እሱ ሲመጣ እናንተ የማንን በር ነው ቀድማችሁ የምታንኳኩት?