ከመተማ እስከ በርማ

የጦርነት ታሪክ በመጻሕፍት ገጽ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም፤ ጦርነቱ የተካሄደበት መሬትም የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል። አንደኛው በሳንጃ በኩል የአርማጭሆን ምድር አቋርጦ ወደ ሑመራ ይዘልቃል፤ ሁለተኛው በአይከል አልፎ መተማ ይደርሳል። ሁለቱም ወደ ሱዳን ወሰን የሚያደርሱ ናቸው። ታሪካቸው ግን ወሰኑን ተሻግሮ፣ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ ዘልቆ፣ ከጃፓን ጦርነት ጋር ይገናኛል።

መተማን በኢትዮጵያውያን ልብ ያተማት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሐምዳን አቡ አንጃ የሚመራው የመሐዲስቶች ጦር ጎንደርን አቃጥሎ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦራቸውን አስከትተው መተማ ወረዱ። ዘኪ ጡማል የሚያዘው ምሽግ ተጥሶ ድል ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግሥቱም አረፉ። መሪውን ያጣው ሠራዊት ተበተነ። ከተማዪቱ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ መባሏ ከድንጋይ ሐውልት የማያንስ መታሰቢያ ነው።

ከ52 ዓመት በኋላ እዚያው ስፍራ ሌላ መድፍ አጓራ። መተማን በሱዳን በኩል ካለችው ከገላባት የሚለያት በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ገላባትን ይዛ ስለነበር፣ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብሪጋዴር ዊልያም ስሊም 10ኛውን የሕንድ እግረኛ ብርጌድና 12 ታንኮችን ይዞ ጥቃት ከፈተ። ገላባት በዚያው ጧት ተያዘች። ነገር ግን አብዛኞቹ ታንኮች በፈንጂና በድንጋያማው መሬት ተሰናከሉ፤ የኢጣሊያ አውሮፕላኖችም ሠራዊቱን ከሰማይ ቀጠቀጡት። ስሊም መተማን ሳይዝ አፈገፈገ። ኋላ በጻፈው ማስታወሻም ደፋሩን አማራጭ ትቶ ሥጋቱን በማዳመጡ ራሱን ወቅሷል።

ኢጣሊያኖች መተማን ለቀው የወጡት በጥር 1933 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ ግንባር የሚተርኩ የውጭ መጻሕፍት ታንኩንና አውሮፕላኑን በዝርዝር ሲቆጥሩ፣ ከወራሪው ጀርባ የነበረውን ሕዝብ ግን በጥቂት መስመር ያልፉታል። የአርማጭሆና የወልቃይት አርበኞች፣ እንደ ውብነህ ተሰማ (አሞራው) እና እንደ ቢትወደድ አዳነ መኰንን ባሉ መሪዎች ዙሪያ ተሰባስበው፣ ያን ቆላ ለጠላት የማያርፍበት ምድር አድርገውት ነበር። የሳንጃን መንገድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ገደሉና ጫካው ለአገሬው ምሽግ፣ ለባዕዱ ወጥመድ ነው።

በመጨረሻም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጄኔራል ናዚ ጦር በጎንደር እጁን ሰጠ፤ አርበኞችም የድሉ ተካፋዮች ነበሩ። ከአንድ ቀን በፊት፣ ኅዳር 17፣ ስድስት አውሮፕላን ጫኝ መርከቦችን ያካተተ የጃፓን ባሕር ኃይል ከኩሪል ደሴቶች በምሥጢር ተነሥቶ ነበር። ጎንደር ነፃ በወጣች በ10ኛው ቀን የእነዚህ መርከቦች አውሮፕላኖች በሐዋይ የፐርል ሐርበርን ወደብ ደበደቡ። በዚህ ምድር አንዱ ጦርነት ሲደመደም፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ሌላው ተጀመረ።

ጃፓን ለኢትዮጵያ ምሁራን እንግዳ አገር አልነበረችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ ተጉዘው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚለው መጽሐፋቸው አስፍረዋል። ብዙዎችም ፈጥና የሠለጠነችውን ያችን አገር አርአያ ለማድረግ ይመኙ ነበር። ዳሩ ግን ጃፓን ማንቹሪያን ወርራ ነበርና በ1929 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ ስታውቅ፣ ኢጣሊያም በፋንታዋ የማንቹሪያውን አሻንጉሊት መንግሥት አወቀች። ሁለት ወራሪዎች አንዱ የሌላውን ዘረፋ አጸደቁ።

በመተማ ያፈገፈገው ስሊም በ1936 ዓ.ም. በበርማ ግንባር የብሪታንያ 14ኛ ጦር አዛዥ ሆነ። በዚያው ዓመት ከመጋቢት እስከ ሐምሌ በኢምፋልና በኮሂማ በተደረገው ውጊያ 85 ሺህ ያህል የጃፓን ወታደሮች ተሰልፈው ከ50 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ጠፉ። ስንቃቸው የተመደበው ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ በመሆኑ ረኀብና በሽታ ከጥይት ይልቅ ፈጃቸው። ስሊም ግን በዚህ ጊዜ የተከበበ ሠራዊቱን ከአየር እየቀለበ ጸና፤ በመተማ የጎዳው ሰማይ በበርማ አጋሩ ሆነ።

ስለዚህ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ የሚያስተምር መምህር፣ የሚሥል ሠዓሊ፣ ተውኔት የሚጽፍ ደራሲ፣ ፐርል ሐርበርንና ኢምፋልን ሲያነሣ መተማንና አርማጭሆን ሊዘነጋ አይገባውም። ያ ደረቅ ወንዝ ዛሬም ታሪክ ያልፍበታል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያው ተሻግረው መተማ ገብተዋል። በ1881 እና በ1933 ዓ.ም. መድፍ የተማዘዙበት ወሰን ለስደተኛ በር ሆኗል፤ ይህም ከጦርነቶቹ እኩል ሊመዘገብ የሚገባው ታሪክ ነው።