ያገረሸ የሌሊት ሽንት

የሕክምና መጻሕፍት «ሴኮንደሪ ኢኑሬሲስ» የሚሉት ችግር አለ። ኢኑሬሲስ ከግሪክ የተገኘ ቃል ነው። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ተኝቶ ሳለ ሽንት ሲያመልጠው የሚሰጥ ስም ነው። «ሴኮንደሪ» የሚባለው ደግሞ ልጁ ቢያንስ ስድስት ወር ሳይሸና ካደረ በኋላ እንደገና ሲጀምረው ነው። «ሁለተኛ ደረጃ» ብሎ መተርጎም ትምህርት ቤት ያስመስለዋል፤ ችግሩንም ከመጀመሪያው ያነሰ ያደርገዋል። አማርኛ ግን ለተመለሰ ሕመም የራሱ ግሥ አለው፦ ወባ ያገረሻል፣ ቁስል ያገረሻል። ስለዚህ «ያገረሸ የሌሊት ሽንት» ብዬዋለሁ። ከተወለደ ጀምሮ መኝታው ደርቆ የማያውቀው ልጅ ችግር ደግሞ «ያልተቋረጠ የሌሊት ሽንት» ይባል።

ሁለቱን መለየት የሚያስፈልገው መነሻቸው ስለሚለያይ ነው። ያልተቋረጠው በአብዛኛው የዕድገት ጉዳይ ነው። ሌሊት ሽንትን የሚቀንሰው ሆርሞን ገና በበቂ መጠን አይመነጭም፣ ፊኛው ጥቂት ይይዛል፣ ልጁም ፊኛው ሲሞላ ከእንቅልፉ አይነቃም። በዘርም ይወረሳል፤ እናትም አባትም በልጅነታቸው ይሸኑ ከነበረ ከ100 ልጆቻቸው 77ቱ ያህል ይሸናሉ። ከአምስት ዓመት ልጆች መካከል ከ100 አስራ አምስቱ ገደማ ይህ አለባቸው። ከእነዚህም በየዓመቱ ከ100 አስራ አምስት ያህሉ ያለ ምንም ሕክምና ይተዉታል። ያገረሸው ግን ሲጀምር አንድ ነገር ተከስቷል ማለት ነው፤ ወይ በሰውነት ላይ፣ ወይ በኑሮ ላይ።

ፑኝዶ ላይ ሁለቱም መነሻዎች አሉ። በጋምቤላ ክልል በጎግ ወረዳ የሚገኘው ይህ መጠለያ ጣቢያ ዛሬ በክልሉ ካሉት የስደተኛ መጠለያዎች አንጋፋው ነው። በ1980 ዓ.ም ገደማ ከደቡብ ሱዳን በእግራቸው የመጡ፣ በኋላ ዓለም «የጠፉት ልጆች» ያላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ያለ ወላጅ የቀሩ ልጆች እዚህ ሰፍረው ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ ተመልሰው ሸሹ፤ የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩም ብዙዎቹ ሞቱ። መጠለያው ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህም በየጊዜው ስደተኞችን ተቀብሏል። አንድ ልጅ እናቱን ወይም ቤቱን ባጣ ሰሞን መኝታውን ማርጠብ ቢጀምር ሐኪሙ ሊደነቅ አይገባም።

ይህን ዓለም በግልጽ ያየው በእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1939 መጀመሪያ ላይ የቦምብ ድብደባ ተፈርቶ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ አብዛኛው ሕፃን፣ ከከተሞች ወደ ገጠር ተወሰደ። ልጆቹን የተቀበሉ ቤተሰቦች አጥብቀው ካማረሩባቸው ነገሮች አንዱ የረጠበ ፍራሽ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጥፋቱ «ባለጌ አስተዳደግ» ላይ ተጣለ። በኋላ ግን መንግሥት ለእነዚህ ልጆች ማደሪያ ቤቶች ከፈተ፤ ለተቀባዮቹም ለእጥበት የሚሆን ተጨማሪ ገንዘብ ፈቀደ። እኔ ከማደሪያ ቤቶቹ ይልቅ የእጥበቱ ገንዘብ ይማርከኛል፤ የተቀባዮቹን ቁጣ ምክንያት በትክክል ያገኘ ሰው ነው የወሰነው።

ወደ መጠለያው ስንመለስ፣ ለስደተኛ የሚታቀደው ውኃ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር፣ አንድ ጀሪካን ነው። ምግቡም፣ መጠጡም፣ ገላ መታጠቡም ከእሱ ነው። በየጠዋቱ ምንጣፍና ብርድ ልብስ ማጠብ የቤተሰቡን ውኃ ይጨርሳል፤ እጥበቱም በሰው ፊት ነው። በአንድ ጎጆ ውስጥ አብረው የሚያድሩ ወንድምና እህቶች ደግሞ ይረጥባሉ። ምስጢር ሆኖ ሊቆይ አይችልም።

ከዚያ ስድቡ ይመጣል። በአማርኛ «ሽንታም» ማለት የሚሸና ብቻ ሳይሆን ፈሪ ማለትም ነው፤ ልጁ በአንድ ቃል ሁለቴ ይሰደባል። በእሳት የሚጫወት ልጅ ሌሊት ይሸናል የሚለው አባባልም ጥፋቱን ወደ ልጁ ይመልሳል። ልጁ ግን ተኝቷል፤ የተኛ ሰው እልኸኛ ሊሆን አይችልም። መምታትና ፍራሹን አሸክሞ ለጎረቤት ማሳየት ችግሩን አያስቆሙትም። ልጁ ከጓደኞቹ ይሸሻል፣ ሌላ ቤት ማደር ይፈራል፣ ራሱን ይንቃል። መኝታው ሲደርቅ ይህ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ አብሮ እንደሚቀንስ በሕክምና ይታወቃል፤ ስለዚህ ኀፍረቱ በብዛት የሽንቱ ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም።

የሰውነት መነሻዎችን ማየት ግን መቅደም አለበት፦ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የስኳር በሽታ (ልጁ ብዙ ውኃ ከጠጣና ከከሳ በዚያው ቀን መመርመር አለበት)። በጋምቤላ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። በአቦቦ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከ100 ተማሪዎች 36 ያህሉ የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዚያ እንዳለባቸው አሳይቷል። ተውሳኩ ቀንድ አውጣ ባለበት ውኃ ውስጥ ሆኖ በቆዳ በኩል ይገባል፤ እንቁላሉ የፊኛን ግድግዳ ያቆስላል። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ያቃጥላል፣ መጨረሻው ላይ ደም ይታያል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያድናል።

በሽታው ሳይታከም ከቆየ ጉዳቱ ወደ ትዳር ይገባል። በሴቶች ላይ የማሕፀን በርንና ብልትን ያቆስላል፤ በግንኙነት ጊዜ ሕመምና ደም መፍሰስ፣ አንዳንዴም መካንነት ያመጣል፣ ለኤች አይ ቪ መጋለጥንም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በአፍሪካ 56 ሚሊዮን ያህል ሴቶች ይህ ጉዳት እንዳለባቸው ይገምታል። በወንዶች የዘር ፈሳሽ ውስጥ ደም ሊታይ ይችላል። ደሙን ያየ ባል ወይም ሚስት መጀመሪያ የሚጠረጥረው የአባላዘር በሽታን፣ ከዚያም የትዳር አጋሩን ነው። በልጅነት ወንዝ ሲዋኙ በያዘ ተውሳክ ምክንያት ትዳር ሊፈርስ ይችላል ማለት ነው።

የሌሊት ሽንት እስከ ጉልምስና የሚቆይባቸውም አሉ፤ ከ100 አዋቂዎች አንድ ያህሉ። ከሰው ጋር ለመተኛት መፍራት፣ ጋብቻን ማዘግየት፣ ማታ ማታ ውኃ አለመጠጣት የእነዚህ ሰዎች ኑሮ ነው። ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት ግን፣ በተለይ ከአስቸጋሪ ምጥ በኋላ ከመጣ፣ ፌስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የተከፈተ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ለጋምቤላ ቅርብ የሆነው የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል መቱ ላይ ይገኛል።

የጤና ባለሙያው ልጁን ይዛ ለመጣች እናት የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ፦ «ሳይሸና የቆየበት ጊዜ ነበር? ስንት ወር?» የሚል ነው። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከሆነ፦ «መሽናት ከመጀመሩ በፊት ምን ተከሰተ?» ይላል። ሽንት ይመረመራል፣ ስኳር ይለካል፣ ሆድ ይዳሰሳል። ጥቃት ደርሶበት እንደሆነም ልጁን ለብቻው፣ ሳያስጨንቁ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፑኝዶ ላይ ይህ ጥያቄ በአስተርጓሚ በኩል ወደ አኙዋክ ወይም ወደ ኑዌር ቋንቋ ይሻገራል፤ አስተርጓሚው የጎረቤት ልጅ ከሆነ እናትየዋ «ሆዱን ያመዋል» ብላ ልትመለስ ትችላለች።