ቦምብ ጣይ አይሮፕላን እግሩን እንዴት ያጥፍ ነበር?

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ድል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከባዱ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን በምድር ላይ ስለሚቆምባቸው እግሮች ጥቂት ለማስረዳት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከዘመቻ የተመለሱት ሰዎች ሕይወት በመጨረሻው ደቂቃ በእነዚሁ እግሮች ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ለምሳሌ የምንወስዳቸው የአሜሪካኑን ቢ-17 እና የእንግሊዙን ላንካስተር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቢ-17 መጀመሪያ የበረረው ጁላይ 28 ቀን 1935 ሲሆን፣ ሮይ ቻድዊክ የተባለው መሐንዲስ ለአቭሮ ኩባንያ የነደፈው ላንካስተር የበረረው ደግሞ ጃንዋሪ 9 ቀን 1941 ነው። ከመጀመሪያው 12,731፣ ከሁለተኛው 7,377 ተሠርተዋል። ሁለቱም ባለ 4 ሞተር ናቸው፤ ሙሉ ጭነት ሲይዙም ክብደታቸው ወደ 30 ሺህ ኪሎ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በሁለት ትልልቅ ጎማዎችና በአንዲት ትንሽ የጅራት ጎማ ላይ ነው። የቢ-17 ትልቁ ጎማ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲም ይሆናል።

በቀድሞ ዘመን የአይሮፕላን ጎማ እንደ ጋሪ ጎማ ከሥር ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ ግን የአየሩ ተቃውሞ እጅግ ስለ ከበደ፣ እግሩ ከመሬት እንደ ተነሣ ታጥፎ የሚገባበት ዘዴ ተፈለገ። በሁለቱም አይሮፕላኖች ዋናዎቹ እግሮች የሚገቡት ለአካሉ ቅርብ ከሆኑት ሁለት ሞተሮች በታች ነው። ቢ-17 እግሩን ወደ ፊት ያጥፋል፤ የጎማውም ጥቂት ክፍል ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይቀራል። ላንካስተር ግን ወደ ኋላ አጥፎ በሮች ይዘጋበታል፤ የጅራቱ ጎማ ግን አይታጠፍም።

እግሩ ራሱ ተራ ብረት አይደለም። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሲሆን በውስጡ ዘይትና የታመቀ አየር አለ። አይሮፕላኑ መሬት ሲመታ ዘይቱ እንደ ሐኪም መርፌ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ያልፋል፤ አየሩም እንደ ሞላ ይጨመቃል። ስለዚህ ከባዱ ምት ቀስ በቀስ ይበርዳል።

እግሩን የሚያጥፈው ኃይል ግን ከአንዱ አይሮፕላን ወደ ሌላው ይለያያል፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ይህ ነው። የላንካስተር እግር የሚታጠፈው በዘይት ግፊት ነው። በሞተሮቹ ኃይል የሚሠሩ ፓምፖች ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ይገፉታል፤ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው የፓስካል ሕግ እንደሚያስረዳው ግፊቱ እስከ ቱቦው ጫፍ ሳይቀንስ ይደርስና እግሩን ያነሣል። ነገር ግን የጠላት ጥይት ቱቦውን ከበሳው ዘይቱ ፈስሶ ያልቃል። ይህን በማሰብ መሐንዲሶቹ የታመቀ አየር የያዘ ጠርሙስ መሰል ዕቃ አኖሩ፤ ዘይቱ ቢያልቅ አየሩ እግሩን ወደ ታች ገፍቶ ይዘረጋዋል።

ቢ-17 የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ለእያንዳንዱ እግር የራሱ ትንሽ ሞተር አለው፤ ሞተሩ ረጅም ብሎን ያዞራል፤ ብሎኑም የመኪና ክሪክ መኪናን እንደሚያነሣ ሁሉ እግሩን ያነሣል፣ ይዘረጋልም። ሽቦው በጥይት ከተቆረጠ ሰው በማኖቬላ ያዞረዋል። ለዋናዎቹ እግሮች ማኖቬላው የሚገባበት ቦታ ቦምቦቹ በሚሰቀሉበት ክፍል ውስጥ ነው። እንግዲህ አንባቢ ያስብ፤ በተበሳሳ አይሮፕላን፣ በጠባብ መተላለፊያ ቆሞ፣ ደክሞት ሳለ ብረት የሚያዞረውን ሰው! በእኔ አስተያየት የአሜሪካኖቹ ዘዴ ይሻላል፤ የታመቀው አየር አንድ ጊዜ ከወጣ አለቀ፣ የሰው ክንድ ግን አርፎ እንደገና ይሞክራል። በእርግጥ የላንካስተር ወዳጆች የአየሩን ፍጥነት ጠቅሰው ይከራከሩኝ ይሆናል።

እግሩ በትክክል መዘርጋቱን ማወቅም ሌላ ችግር ነበር። በላንካስተር አብራሪው ፊት አረንጓዴ መብራት ቢበራ እግሩ ተዘርግቶ ተቆልፏል ማለት ነው፤ ቀይ ቢበራ በመካከል ነው፤ ምንም ካልበራ ታጥፎ ተቆልፏል። መብራቱ ግን ስለ ጎማው አይናገርም። ጎማው በጥይት ተበስቶ እንደ ሆነ የሚታወቀው መሬት ሲነካ፣ አይሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ሲሳብ ነው። የቢ-17 አብራሪና ረዳቱ ደግሞ በመብራት ብቻ ሳይወሰኑ እያንዳንዳቸው በየመስኮታቸው ወደ ሞተሩ ሥር ተመልክተው የግራው ወርዷል፣ የቀኙ ወርዷል ይባባሉ ነበር።

ማኖቬላውም እንቢ ሲል በሆድ ማረፍ ግድ ይሆናል። በቢ-17 ሆድ ሥር እንደ ኳስ የተንጠለጠለ የመትረየስ ክፍል ነበረ፤ በውስጡም አንድ ሰው እግሩን አጥፎ ይቀመጥ ነበር። ክፍሉ ወደ አይሮፕላኑ ውስጥ የማይገባ በመሆኑ በሆድ ሲታረፍ ከሁሉ በፊት መሬት የሚነካው እርሱ ነው። ተኳሹም ለመውጣት መትረየሶቹ ቀጥ ብለው ወደ መሬት እስኪያመለክቱ ድረስ ኳሱ መዞር ነበረበት፤ የመውጫው በር ወደ አይሮፕላኑ ውስጥ የሚዞረው ያን ጊዜ ብቻ ነውና። ተኳሹ ከወጣ በኋላ ጊዜ ከተገኘ ጓደኞቹ ኳሱን የያዙትን ብሎኖች ፈትተው ወደ ታች ይጥሉት ነበር።