በእጅ የሚሽከረከር የወተት መናጫ፦ አሠራሩ፣ አመራረጡና አጠቃቀሙ

በእጅ የሚሽከረከር የወተት መናጫ የረጋ ወተትን ወይም ስልባቦትን በመናጥ ቅቤን ከአሬራ የሚለይ፣ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ነዳጅ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ዋና ዋና ክፍሎቹ ወተቱን የሚይዘው ዕቃ፣ ዕቃውን ወይም በውስጡ ያለውን መቅዘፊያ የሚያሽከረክረው መዘውር፣ ክዳኑና መቆሚያው ናቸው። በቤተሰብ ደረጃ፣ በጋራ በሚሠሩ ቡድኖችና በአነስተኛ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊያገለግል ይችላል።

መሣሪያው የመናጥን ድካምና ጊዜ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የወተቱ አረጋግ፣ ሙቀቱ፣ የዕቃው አሞላልና ንጽሕናው ካልተስተካከሉ፣ ጥሩ መናጫም ቢሆን ብዙ ስብ በአሬራው ውስጥ ያስቀራል። ይህ መረጃ መናጫ ለመግዛት ወይም ለማሠራት ያሰቡ፣ እንዲሁም ያላቸውን መናጫ በአግባቡ ለመጠቀም የሚፈልጉ ወተት አምራቾች እንዲገለገሉበት ቀርቧል።

ባህላዊው አናናጥ

በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ቅቤ የሚወጣው ስልባቦቱ ሳይለይ በሙሉ ከረጋ እርጎ ነው። የየዕለቱ ወተት በወይራ ጭስ በታጠነ ገንቦ ወይም ቅል ለጥቂት ቀናት ይጠራቀማል። ሲረጋም ዕቃው በጭን ላይ ወይም በጭድ ላይ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚያከናውኑት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ለአንድ ጊዜ መናጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ከውኃ መቅዳት፣ ከማገዶና ከትምህርት ጋር የሚሻማ ሥራ ነው።

ቅቤ ለቤተሰብ ምግብ ብቻ ሳይሆን ወተትን ለረጅም ጊዜ ማቆያ መንገድም ነው። በ55 ቀናቱ ዐቢይ ጾምና በሌሎች አጽዋማት ጿሚ ቤተሰቦች ወተት አይጠቀሙም፤ ላሞቹ ግን መታለባቸው አይቋረጥም። በዚህ ወቅት የሚታለበው ወተት ወደ ቅቤ ተለውጦ፣ በተለይም ተነጥሮ፣ ለፋሲካና ለገበያ ይቀመጣል።

መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ የአርሶ አደሩን የቅቤ አወጣጥ አጥንቶ ነበር። በተለመደው የሸክላ ገንቦ ውስጥ ከእንጨት የተሠራ ማማሰያ ሲገጠም የመናጫው ጊዜ በእጅጉ እንደሚያጥርና የሚወጣው ቅቤም እንደሚጨምር ታይቷል። ስለዚህ ገንቦውን ሳይለውጡ የወተቱን እንቅስቃሴ በማሻሻል ብቻ ውጤት ማግኘት ይቻላል።

ቅቤ የሚወጣበት መንገድ

በወተት ውስጥ ያለው ስብ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች ተበታትኖ ይገኛል። እያንዳንዱ እንክብል በስስ ሽፋን የተከበበ በመሆኑ እንክብሎቹ በራሳቸው አይጣበቁም። ወተቱ በኃይል ሲናጥ ሽፋኑ ይቀደዳል፤ የተጋለጠው ስብም እርስ በርሱ እየተያያዘ የቅቤ ፍሬ ይሆናል። በዕቃው ውስጥ ያለው አየር ለዚህ ሂደት አስፈላጊ ነው፤ ጢም ብሎ የተሞላ ዕቃ ቅቤ ለማውጣት የሚቸገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአናናጥ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያጎድል በምሳሌ ማየት ይቻላል። ስቡ 5 በመቶ የሆነ 10 ሊትር ወተት በግምት 500 ግራም ስብ ይይዛል። ቅቤው 80 በመቶ ስብ ቢኖረውና ከወተቱ ስብ ሦስት አራተኛው ብቻ ቢወጣ 470 ግራም ያህል ቅቤ ይገኛል። ከስቡ 90 በመቶው ቢወጣ ግን 560 ግራም ያህል ይሆናል። የ90 ግራም ያህሉ ልዩነት በአሬራው ውስጥ ይቀራል። ይህ ስብ አሬራው ሲሞቅ በከፊል ወደ አይብ ቢገባም፣ አይብ እንደ ቅቤ ለረጅም ጊዜ ስለማይቀመጥ ለጾም ወራትም ሆነ ለሩቅ ገበያ አይሆንም።

የመናጫ ዓይነቶች

ባለመቅዘፊያ መናጫ፦ ዕቃው ባለበት ቆሞ በውስጡ ያለው መቅዘፊያ የሚሽከረከርበት ነው። መዘውሩ አንድ ጊዜ ሲዞር መቅዘፊያው ብዙ ጊዜ እንዲዞር የሚያደርጉ ጥርሳም ማርሾች ሊኖሩት ይችላሉ። አነስተኛ መጠን ላለው ወተት ተስማሚ ነው። ዕቃው ብርጭቆ ከሆነ የቅቤውን መውጣት በዓይን ለመከታተል ይረዳል።

ተገለባባጭ በርሜል፦ በርሜሉ ራሱ በመቆሚያው ላይ የሚሽከረከርበት ነው። ወተቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየወደቀ ይናጣል። በውስጡ መቅዘፊያ ስለሌለው ለማጠብ ቀላል ነው፤ ከፍ ያለ መጠን ላላቸው ቡድኖችና ማኅበራትም ይመረጣል። በርሜሉ ከመጠን በላይ በፍጥነት ከተሽከረከረ ወተቱ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አብሮ ስለሚዞር መናጡ ይቆማል። ለምሳሌ ወተቱ በሚዞርበት አቅጣጫ ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር በሆነ በርሜል ይህ የሚሆነው ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 60 ዙር ሲቃረብ ነው። ስለሆነም ወተቱ ሲወድቅ ድምፁ በሚሰማበት መጠን በዝግታ ማሽከርከር ይገባል።

ማማሰያ የተገጠመለት ገንቦ፦ ነባሩን ገንቦ ይዞ ማማሰያ ብቻ የሚጨመርበት አሠራር ነው። ወጪው ዝቅተኛ ሲሆን፣ ማማሰያው ከገንቦው ጎንና ታች ጋር እንዳይጋጭ በልኩ መሠራት አለበት።

የወተት መናጫ ከክሬም መለያ ጋር መምታታት የለበትም። ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል እ.ኤ.አ. በ1878 ያስተዋወቀው ዓይነት ክሬም መለያም በእጅ መዘውር ሊሠራ ይችላል፤ ሥራው ግን ስልባቦቱን ካልረጋ ወተት መለየት እንጂ ቅቤ ማውጣት አይደለም። በመለያው የተገኘው ስልባቦት ቅቤ እንዲሆን በመናጫ መናጥ አለበት።

ከመግዛት ወይም ከማሠራት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

መጠን፦ ዕቃው በአንድ ጊዜ ከሚናጠው ወተት ሁለት እጥፍ የመያዝ አቅም ሊኖረው ይገባል። 10 ሊትር እርጎ ለመናጥ 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ያስፈልጋል። ወተታቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦች ተባብረው አንድ መናጫ በጋራ ቢጠቀሙ የተሻለ ነው።

የተሠራበት ቁስ፦ የማይዝግ ብረት፣ ለምግብ ዕቃነት የተዘጋጀ ፕላስቲክ፣ ብርጭቆና ሽታ የሌለው ጠንካራ እንጨት ተስማሚ ናቸው። መዳብ፣ ነሐስና የዛገ ብረት ቅቤው ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋሉ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ በእርጎው አሲድ ስለሚሟሟ ለዚህ አገልግሎት አይሆንም። የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የኬሚካል ወይም የዘይት ነዳጅ መያዣ የነበረ በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለወተት መዋል የለበትም።

አፉና ክዳኑ፦ አፉ እጅ ገብቶ ማዕዘኖቹን ሁሉ ለማጠብ የሚያስችል መሆን አለበት። ክዳኑ የማያፈስ፣ አየር ማስተንፈሻም ያለው ሊሆን ይገባል።

መዘውሩ፦ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ለሚሠራው ሰው በሚመች ከፍታ ላይ መሆኑ፣ ማርሾቹ መሸፈናቸው፣ እንዲሁም ከማርሽና ከኩሽኔታ የሚንጠባጠብ ቅባት ወደ ወተቱ የማይገባ መሆኑ ይረጋገጥ። ለማለስለሻ የሞተር ዘይትና ግራሶ ሳይሆን የምግብ ዘይት መጠቀም ይገባል።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ዕቃውን እስከ ግማሹ ውኃ ሞልቶ ለጥቂት ደቂቃዎች በማሽከርከር ማፍሰሱን፣ መቆሚያው መንቀጥቀጡንና የመዘውሩን ክብደት መፈተሽ ይመከራል። የሚያልቁ ክፍሎች በአካባቢው ሊጠገኑ ወይም ሊተኩ መቻላቸውንም ሻጩን ወይም ሠሪውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአጠቃቀም ቅደም ተከተል

1. መናጫውን በፈላ ውኃ ማጥራት፣ ከዚያም በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ። በተለይ የእንጨት ዕቃ ቀድሞ ካልረጠበ ቅቤው ይጣበቅበታል።

2. ወተቱ በደንብ መርጋቱን ማረጋገጥ። ያልረጋ ሙሉ ወተት ሲናጥ ከስቡ ብዙው በአሬራው ውስጥ ይቀራል።

3. ሙቀቱን ማስተካከል። ለረጋ ሙሉ ወተት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተስማሚ ነው። ቴርሞ ሜትር በሌለበት፣ በቆላ አካባቢ ንጋት ላይ መናጥ ወይም ዕቃውን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማቆየት፣ በደጋ ደግሞ ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይረዳል። የፈላ ውኃ በቀጥታ በወተቱ ላይ መጨመር አይገባም።

4. ዕቃውን እስከ ግማሹ ብቻ ሞልቶ መክደን።

5. በተረጋጋና በማይለዋወጥ ፍጥነት ማሽከርከር። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከእርጎው ጋዝ ስለሚወጣ ማስተንፈሻውን ደጋግሞ መክፈት፤ ይህ ካልተደረገ ክዳኑ ሊፈናጠር ይችላል።

6. የቅቤውን መውጣት መከታተል። ድምፁ ሲለወጥና የመዘውሩ ክብደት ሲለዋወጥ ቅቤው መለየት ጀምሯል ማለት ነው። ፍሬው የስንዴ ቅንጣት ሲያክል ፍጥነቱን ቀንሶ ጥቂት ዙር ብቻ መጨመር።

7. አሬራውን በንጹሕ ማጥለያ አሳልፎ ማስቀመጥ፣ ቅቤውንም ለመጠጥ በሚሆን ቀዝቃዛ ውኃ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ማጠብና ጨምቆ ማውጣት። በቅቤው ውስጥ የቀረ አሬራ ቅቤውን ቶሎ ያበላሻል።

የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ቅቤው ለረጅም ጊዜ ሳይወጣ ሲቀር፦ ወተቱ ቀዝቅዞ፣ ሳይረጋ ወይም ዕቃው ከልክ በላይ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ቀንሶ ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ካቆዩ በኋላ መቀጠል ይቻላል።

ቅቤው ለስልሶ የማይሰበሰብ ሲሆን፦ ወተቱ ሞቋል ማለት ነው። ዕቃውን በቀዝቃዛ ውኃ አቀዝቅዞ በዝግታ ማሽከርከር ይረዳል።

የወተቱ ዓይነት፦ የፍየል ወተት የስብ እንክብሎቹ ትንንሽ በመሆናቸው ከላም ወተት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የግመል ወተት ቅቤ በቀላሉ የማይወጣለት ሲሆን፣ የሚያስፈልገው ሙቀትም ከላም ወተት ከፍ ይላል። በፋብሪካ ስቡ እንዳይንሳፈፍ ተደርጎ የተዋሐደ ወተት ደግሞ ለቅቤ አይሆንም።

ንጽሕናና ጤና

መናጥ ወተትን ከበሽታ አያነጻም። እንደ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያሉ በሽታዎች ባልፈላ ወተትና ከእርሱ በሚሠሩ ምርቶች፣ ቅቤን ጨምሮ፣ ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ። የወተቱ መርጋትም ሆነ ዕቃውን በወይራ ማጠን ይህን አደጋ አያስወግድም። አስተማማኙ መንገድ ወተቱን ከመርጋቱ በፊት ማፍላት ወይም በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ማቆየት ነው። ሙቀቱ ወተቱን የሚያረጉትንም ረቂቅ ሕዋሳት ስለሚቀንስ፣ ወተቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ከፈላ ወተት የተገኘ ንጹሕ እርጎ እንደ እርሾ መጨመር ያስፈልጋል። ላሞች በተደጋጋሚ የሚያስወርዱ ከሆነ ወተታቸውን ሳያፈሉ መጠቀም አይገባም፤ ጉዳዩንም ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ከሥራ በኋላ መናጫው ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ መለቅለቅ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና መታጠብ፣ በፈላ ውኃ መጥራትና ክዳኑ ተከፍቶ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ በንጹሕ ቦታ መድረቅ አለበት። የጎማ ማሸጊያው ወጥቶ ለብቻው ይታጠባል። ዕቃን በግራዋ ቅጠል መፈተግና በወይራ ማጠን ጠቃሚ ልማድ ቢሆንም የሚደረገው ከእጥበቱ በኋላ ነው፤ እጥበቱን አይተካም።

በሥራ ጊዜ ሕፃናት ከማርሹ እንዲርቁ፣ የነጠላ ዘርፍና የተለቀቀ ፀጉርም በመዘውሩ እንዳይያዝ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባል።

ድጋፍና ተጨማሪ መረጃ

ስለ መናጫ አመራረጥና አጠቃቀም ምክር የሚፈልጉ አምራቾች በቀበሌያቸው የሚገኘውን የእንስሳት ሀብት ልማት ሠራተኛ፣ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉን ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ። ሲቀርቡም የሚታለቡትን እንስሳት ብዛት፣ በቀን የሚገኘውን የወተት መጠን፣ አሁን የሚጠቀሙበትን ዕቃና አንድ ጊዜ ለመናጥ የሚፈጀውን ሰዓት ይዘው ቢገኙ ተገቢውን ምክር ለማግኘት ያግዛል። በጋራ ለመግዛት የሚያስቡ ቡድኖች የመናጫውን አጠባበቅ፣ የተራ አደራረጉንና የጥገና ወጪውን አስቀድመው በጽሑፍ ቢስማሙ በኋላ ከሚነሳ አለመግባባት ይድናሉ።