«ሕዝብ አያውቃትም» የተባለችው ዘፋኝ

የቴሌቪዥንን ታሪክ ስንመረምር ደጋግሞ የሚገጥመን አንድ ሰው አለ፤ እርሱም «ሕዝቡ ይህን አይወድም» እያለ በሕዝብ ስም የሚወስነው ሹም ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁሊ አንድሩስንና ካሮል በርኔትን በአንድ መድረክ አጣምሮ የማቅረብ ሐሳብ ለአሜሪካው ሲ.ቢ.ኤስ. ሲቀርብ ሹማምንቱ ፊታቸውን አዞሩ። በርኔት ኋላ እንደተረከችው ምክንያታቸው ሁለት ነበር፤ እርሷን ተመልካቹ በጌሪ ሙር ዝግጅት በየሳምንቱ ያያታል፤ አንድሩስን ደግሞ ከኒውዮርክ አካባቢ ወጣ ሲሉ የሚያውቃት የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ቆም ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። አንድሩስ በ1956 ብሮድዌይ ላይ የታየው የ«ማይ ፌር ሌዲ» ዋና ተዋናይት ነበረች። ለመሆኑ የዚያን ቲያትር ወጪ የሸፈነው ማን ነው? ራሱ ሲ.ቢ.ኤስ.! በ1957 እርሷ ሲንደሬላን ሆና የተጫወተችበትን ሙዚቃዊ ድራማ ያሰራጨውም ይኸው ጣቢያ ሲሆን፣ ተመልካቹ ከ100 ሚሊዮን በላይ እንደነበር ተገምቷል። ታዲያ «አያውቃትም» የተባለው ሕዝብ የትኛው ይሆን?

ውሳኔው የተለወጠውም በጥናት አልነበረም። በርኔት እንደምትለው፣ አንድ ዝናባማ ቀን ሹማምንቱ አብረዋት ታክሲ ሲጠብቁ፣ መንገደኛ እንደሚያሳፍራት በቀልድ ነግራ አሰናበተቻቸው። ወዲያው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አውቋት ቆመና አሳፈራት። ቤቷ ስትገባ ስልኩ ጮኸ፤ ዝግጅቱ ተፈቅዷል።

ትርኢቱ በማርች 1962 በካርኔጊ አዳራሽ ተቀርጾ በጁን ታየ። አዳራሹ ራሱ ሊፈርስ ተቃርቦ፣ የኒውዮርክ ከተማ በ1960 በ5 ሚሊዮን ዶላር ገዝታ ያተረፈችው ነበር። ማይክ ኒኮልስና ኬን ዌልች በጻፉት በዚህ ትርኢት ሁለቱ ሴቶች በ1958 አሜሪካን የጎበኘውን የሶቪየቱን የሞይሴየቭ የውዝዋዜ ቡድን አስመስለው አሳቁ፤ የኩባው የሚሳይል ፍጥጫ ትርኢቱ ከታየ ከአራት ወር በኋላ እንደተነሣ ልብ ይሏል። የ«ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን የትራፕ ቤተሰብም «ፕራት» ብለው ቀለዱበት። አንድሩስ በ1965 የዚያው ታሪክ ፊልም ዋና ተዋናይት ሆነች!

ዝግጅቱ የኤሚን ሽልማትና በሞንትሮ ከተማ የወርቅ ጽጌረዳን አገኘ። ሁለቱ በ1971 እና በ1989 ዳግም ተገናኝተዋል፤ የመጨረሻውን ያሳየው ግን ተቀናቃኙ ኤ.ቢ.ሲ. ነበር።