በኬንያ የስደተኛ መታወቂያ ካርድ ለማውጣት ማወቅ ያለብን

በካኩማና በካሎቤዬ «ኤሊየን ካርድ» እያልን የምንጠራው መታወቂያ ኬንያውያን ከሚይዙት ኪፓንዴ ይለያል። ኪፓንዴ የዜጋ ነው። የእኛ ካርድ ደግሞ የያዘው ሰው በመንግሥት የታወቀ ስደተኛ መሆኑን ያሳያል። ዕድሜው 18 የሞላና የስደተኛነት እውቅና ያገኘ ሰው ማመልከት ይችላል። ሥራውን የሚመራው ዲአርኤስ፣ ማለትም የመንግሥቱ የስደተኞች አገልግሎት መምሪያ ነው። አሁን የምንተዳደርበት የስደተኞች ሕግ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ በ2022 ሥራ ላይ ውሏል።

ካርዱ ምን ይጠቅማል?

በራስ ስም ሲም ካርድ ለማውጣት፣ ኤምፔሳ ለመክፈት፣ የባንክ ደብተር ለማግኘትና ክላስ ኤም የሚባለውን የሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ ያስፈልጋል። ካርድ የሌለው ሰው በጓደኛው ስም በወጣ ሲም ይጠቀማል። ጓደኛው ሪሴትልመንት ደርሶት ከሄደ በኋላ መስመሩ ከተዘጋ ግን ያስቀመጠውን ሽልንግ በቀላሉ ማስመለስ አይችልም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ካርዱ የጉዞ ፈቃድ አይደለም። ከካምፕ ለመውጣት ሙቭመንት ፓስ ለብቻው ይጠየቃል።

ሂደቱ

1. ምዝገባ፦ ፎቶና አሻራ ትሰጣላችሁ፤ የቤተሰቡ ስም የሰፈረበት ማኒፌስት ይሰጣችኋል።
2. ኢንተርቪው፦ ለምን እንደተሰደዳችሁ ትጠየቃላችሁ። ከተፈቀደላችሁ የእውቅና ደብዳቤ ታገኛላችሁ።
3. ማመልከቻ፦ ደብዳቤውንና ማኒፌስቱን ይዛችሁ ዲአርኤስ ትቀርባላችሁ። ፎርም ይሞላል፤ እንደገና ፎቶና የጣት አሻራ ይወሰዳል።
4. ጥበቃ፦ ዌይቲንግ ካርድ የምንላትን ወረቀት ትቀበላላችሁ። ካርዱ ናይሮቢ ስለሚታተም ወራት ሊፈጅ ይችላል። ወረቀቷን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ትልቁ ችግር፦ ስምና የልደት ቀን

ካርዱ ላይ የሚታተመው መዝገባችሁ ላይ ያለው ነው። መዝገቡ ከተሳሳተ ካርዱም ይሳሳታል። እኛ ሐበሾች ላይ ደግሞ ስህተቱ በሁለት በኩል ይመጣል።

የመጀመሪያው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ ወረቀት የአያትን ስም ሲጽፍ ሌላው ይተወዋል። ፊደሉም ይለያያል፤ «ፀሐይ»ን አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ» ሲጀምረው ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነው። ተማሪዎች በተለይ ተጠንቀቁ! ለኬሲኤስኢ ፈተና የምትመዘገቡበት ስም ከማኒፌስቱ ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን። ካልሆነ ነገ ሰርተፊኬቱ የእናንተ መሆኑን ማስረዳት ይቸግራችኋል።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 1998 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ቀን 2005 ነው የተወለደው። ጸሐፊው ሳይቀይር «1998» ብሎ ከጻፈው ልጁ በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት አረጀ ማለት ነው። የዕድሜ ገደብ ያለው ስኮላርሺፕም ያልፈዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ለተወለደ 8 ዓመት ይደመራል። ወሩንና ቀኑንም መቀየር አትርሱ።

ስህተት ካገኛችሁ አሻራ ከመስጠታችሁ በፊት ማኒፌስቱን አሳርሙ። የልደት ወረቀት፣ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱ ሲመጣም ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት።

ሌሎች ማሳሰቢያዎች

• ማመልከቻው በነፃ ነው። «አፋጥንላችኋለሁ» የሚል ደላላ ገንዘባችሁን ይበላል እንጂ ወረፋውን አያሳጥርም።
• ኪፓንዴ በገንዘብ ለማውጣት አትሞክሩ። ወንጀል ነው፤ አሻራችሁም ስደተኛ መዝገብ ውስጥ ስላለ ያጋልጣችኋል።
• በሌላ ስም ድጋሚ አትመዝገቡ። አሻራ ሁለት ስም አይቀበልም።
• ካርዱ ከጠፋ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አብስትራክት አውጡ፤ ምትክ የሚጠየቀው እሱን ይዞ ነው።
• ካርዱ ላይ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። ቀኑ ሳይደርስ ለማሳደስ ተነሱ።

ቤታችሁ 17 ዓመት የሆነው ልጅ ካለ እስኪሞላው አትጠብቁ። ማኒፌስቱን ዛሬ ከሻንጣ አውጡና ስሙንና ቀኑን ከልጁ ጋር ሆናችሁ ተመልከቱት። ለማረም ጊዜው አሁን ነው።